በጣሳው ውስጥ የነበረው ድንጋይ

በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር ውስጥ በአንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ካሸር ነበርኩ። የምቀመጥበት ቡዝ የመስታወት ሳጥን ነው፤ ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ የገንዘብ መሳቢያና አንድ ስልክ አለ። በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። እንግሊዝኛዬ መልካም ቀን ለመመኘት ይበቃል፤ ለሚሳደብ ሰው ግን መልስ አልነበረኝም። የሚሳደብ ደግሞ አይጠፋም። ቲኬቱ የጠፋበት ሰው የሙሉ ቀን ክፈል ሲባል ያብዳል። አንዷ ሴትዮ የያዘችውን ለስላሳ ከነበረዶው በመስኮቱ አስገብታ ፊቴ ላይ ደፋችው። ፊቴን ጠረግኩና ለሚቀጥለው መኪና መልካም ቀን ተመኘሁ።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። መኪና የለውም፤ በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። አንድ ቃል ሳይናገር መስታወቱን በብረቱ መታው። ስብርባሪው ፊቴ ላይ ተረጨ። እጁን አስገብቶ ጸጉሬን ጨበጠና ግንባሬን ከመሳቢያው ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ። መሳቢያውን ከፈትኩለት። ብሩን እያፈሰ ሳለ ከታች አንድ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ።

በታችኛው መውጫ ላይ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርጉ። ያን ቀን በተነሣ እጃቸው ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ ይዘው እየሮጡ መጡ። ሰውየው አያቸውና የያዘውን ይዞ ተፈተለከ። በጋሼና በእሱ መካከል ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ነበር። ጋሼ ግን አልወረወሩም። እጃቸውን እንዳነሡ ቆመው ቀሩ።

ደሙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ "ጋሼ፣ ለምን አልወረወሩበትም?" አልኳቸው።

"ይሄንን?" አሉና ድንጋዩን በመሐረብ ይወለውሉት ጀመር። "ይሄ እኮ ላጉና ነው፣ ልጄ። ቢሰበርስ?"

ያን ቅጽበት ጠላኋቸው። በኋላ አምቡላንስ ስንጠብቅ ድንጋዩን አሳዩኝ። አንድ ጎኑ ተቆርጦ ተወልውሏል። ውስጡ በቀይ፣ በብርቱካንማና በወይን ጠጅ ቀለም ጥለት የተጠለፈ ይመስላል፤ ክሩ ግን የማንም ሸማኔ እጅ ሊያወጣው የማይችል ቀጭን ነው። አንዱ መስመር ሌላውን ሳይነካ ወደ መሐል ይጠመዘዛል። ቅንድቤ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፋሁ። ሐኪሙ ሲሰፋኝ የማስበው ስለዚያ ድንጋይ ነበር።

ጋሼ አገር ቤት በማዕድን መሥሪያ ቤት ውስጥ ናሙና ቆራጭ ነበሩ። ጂኦሎጂስቶች ከየበረሃው የሚያመጡትን ድንጋይ በመጋዝ እየሰነጠቁ፣ እያለሰለሱ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ሎስ አንጀለስ ሲመጡ ያ ሙያ የፓርኪንግ ቲኬት ከመቁረጥ አላዳናቸውም። የሚኖሩት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ መንገድ ላይ በአንዲት ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። አልጋቸው ሥር፣ ቁምሳጥናቸው ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ የጫማ ካርቶን ተደርድሯል። ሁሉም ድንጋይ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ጋ መሄድ ጀመርኩ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ይስቡና አንድ ካርቶን ያወርዳሉ።

"ቀለሙን አትመኚው። መጀመሪያ ቆዳውን እዪ" ይሉኛል። "እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ነው? ክብደቱስ? ከሚያህለው ድንጋይ ይከብዳል? ኦኬ፣ አሁን በቢላ ጫሪው።"

እጭራለሁ። ቢላው ድንጋዩን አይነካውም፤ የራሱን ብረት ግራጫ መስመር ጥሎበት ያልፋል።

"እሱ ነው። አሁን ላሺው።"

መጀመሪያ ሲሉኝ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ደረቅ ድንጋይ ግን ዲዳ ነው፤ በምራቅ ሲርስ ቀለሙ ይወጣል። ጠርዙን ፀሐይ ላይ ስይዘው ብርሃን እንደ ማር ያሳልፋል። በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ከምሰማቸው ዕንቁዎች መካከል ኬልቄዶን የሚባለው የዚህ ዘመድ ነው ብለው ነግረውኛል። ፈረንጆቹ አጌት ይሉታል። ከሜክሲኮ፣ ከችዋዋ በረሃ የሚወጣውን በየቦታው ለዩልኝ፦ ላጉና እንደ ጥለት የተደራረበው ነው፤ ኮያሚቶ ውስጡ መርፌ የመሰለ ሣር የበቀለበት ነው፤ አንዱ ደግሞ እንደ ዳንቴል የተወሳሰበ፣ ነጭና ቢጫ ነው። ቀለም የተነከረውን ሐሰተኛም አስተማሩኝ፤ ነከራው ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀምና እዚያ ላይ ይጠቁራል።

ድንጋይ አረጋጋኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ከዝርፊያው በኋላ በትንሹ እቆጣ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሳህን ሳታጥቢ ሄድሽ ብላ ብትናገረኝ ሳህኑን ግድግዳው ላይ ሰበርኩት። አውቶቡስ ውስጥ የገፋኝን ሰው በክርኔ ጎኑን ወግቼው ወርጃለሁ። ድንጋዮቹ ይህን አላስተዉኝም፤ ሌላ ነገር ጨመሩብኝ እንጂ። መመኘት ጀመርኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ የእኔ ነው ብዬ የምሳሳለት ነገር አልነበረኝም። አሁን የጋሼን ካርቶን ከዘጋሁ በኋላ መልሼ እከፍተው ነበር።

በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ከችዋዋ በፒክአፕ ድንጋይ ጭነው ይመጣሉ። ኢንግልዉድ ውስጥ በአንድ ዘመዳቸው ጓሮ በርሜል ይደረድራሉ። ገዢው ያልተቆረጠ ድንጋይ ከበርሜል እየመረጠ በፓውንድ እያስመዘነ ይገዛል። ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ ብለው በጓሮው ላይ ያልፋሉ። አንዱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ንግግሩን አቁሞ ይጠብቅና፣ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል።

ታላቅየው አንገተ ወፍራም፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር። ወንድሙን በገዢ ፊት ይመታዋል። ሚዛን ሲያዛባ በጥፊ፣ በርሜል ሲያንከባልል ቀስ ካለ በእርግጫ። መጀመሪያ ጊዜ ሳይ ደንግጬ ጋሼን አየኋቸው፤ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። ታናሽየው ሃያ አምስት የሚሆነው፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከተመታ በኋላ እንኳ ፊቱን አሸት አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንግሊዝኛው እንደ እኔው ነበርና እንግባባ ነበር። ሁለት ድንጋይ ጆሮዬ አጠገብ አጋጭቶ ጤነኛው እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ሲጮህ፣ የተሰነጠቀው ደግሞ እንደ ገል ሲታፈን ያሰማኝ እሱ ነው። ለእኔ በርሜሉን ገልብጦ ከሥር ያለውን ያወጣልኛል። ለሌላ ገዢ ይህን አያደርግም።

ያ ቅዳሜ ሞቃት ነበር። ጋሼ መኪናቸውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርገው እኔን አስቀድመው ገቡ፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ሩቁ በርሜል ሄዱ። ታላቅየው የለም፤ ፒክአፑን ጋዝ ሊሞላ ወጥቷል። ከታናሽየው ጋር ስመርጥ ቆይቼ ጠረጴዛው ሥር በጆንያ የተሸፈነ የቡና ጣሳ አየሁ። ታላቅየው የተሰነጠቁትንና የማይሸጡትን በጣሳ ለብቻ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆንያውን ገለጥኩ። በጣሳው ውስጥ አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ በጋዜጣ ተጠቅልሏል።

የተሰነጠቀ ድንጋይ በጋዜጣ አይጠቀለልም። ይህን ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ።

ጋዜጣውን ፈታሁ። ሁለት ጭብጥ ያህላል። ቆዳው ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ በአንድ ጎኑ ግን ሲቆፈር ዶማ የነካው ቦታ ነበር፤ ጥፍር የምታህል መስኮት። ጀርባዬን ለታናሽየው ሰጥቼ ላስኩት። በዚያች ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ቀይ መስመር፣ ከሥሩ ሐምራዊ፣ ከሥሩ ወርቃማ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀይ አየሁ፤ ሃያ ይሁን ሠላሳ መስመር መቁጠር አልቻልኩም። ከጋሼ ካርቶኖች በአንዱም ውስጥ እንዲህ ያለ የለም።

"እሱ ምንድን ነው?" አለኝ ታናሽየው ከኋላዬ።

አውራ ጣቴን መስኮቱ ላይ አደረግኩ። "ጣሳ ውስጥ ያገኘሁት ነው።"

"እ፣ ከተበላሹት ነዋ። ጥሩ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አልኩት። "ስንጥቅ ብቻ ነው። መለማመጃ እንዲሆነኝ ነው።"

"አንቺ ካልሽ ነው። አሁንማ ከእኔ በልጠሻል" ብሎ ሳቀ። ከሌሎቹ ጋር ደርቤ እንድወስደው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ከዚያ ምን እንደታሰበው እንጃ፣ ሌላ ድንጋይ አንሥቶ ከያዝኩት ጋር አጋጭቶ ሊሰማ እጁን ዘረጋ። አውሮፕላን መጣ። ድምፁ እስኪያልፍ እጁን አንሥቶ ጠበቀ። ሳያልፍ አንድ ገዢ ከወዲያ ጠራውና ሄደ። ድንጋዩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁ።

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። ጋሼ ግን በርሜላቸውን አልጨረሱም። ሌሎቹ ገዢዎች አንድ በአንድ ወጡ። ታላቅየው ፒክአፑን አስገብቶ ወረደ፣ ውኃ ጠጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አየ። ጣሳውን አንሥቶ ገለበጠው። ጋዜጣው ወደቀ።

በስፓኒሽ ጮኸ። ታናሽየው ሮጦ መጣ፤ ጋዜጣውን አየና ፊቱ ተለወጠ። የመጀመሪያው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ ሲሰበር ከስምንት እርምጃ ላይ ሰምቻለሁ። ጋሼ "ተው! ተው!" እያሉ በአማርኛ ተንደረደሩ። ታላቅየው በአንድ እጁ ገፋቸው፤ በበርሜሉ ጠርዝ ላይ ተወርውረው ወደቁ፤ መነጽራቸው ከሥራቸው ሲደቅቅ ተሰማኝ።

ሁለተኛው በአካፋ እጀታ ነው። ትከሻው ላይ። ታናሽየው በጉልበቱ ወደቀ። ታላቅየው ጸጉሩን ይዞ ቀና አደረገውና ጠየቀው። ጥያቄው ስፓኒሽ ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ቋንቋ አያስፈልግም። ታናሽየው ወደ እኔ አየ። ሲያየኝ የሚፈለገው እኔ ጋ ያለው ድንጋይ መሆኑ ገባው፤ እንደገባውም ገባኝ። ከዚያ ደም እየተፋ መለሰ። ከመልሱ ውስጥ "ግሪንጎ" የሚለውን ቃል ሰማሁ፤ እጁንም ወደ ውጭው በር ጠቆመ። አንድ ነጭ ወስዶት ሄደ ማለቱ ነው።

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን ሰው ከቤቱ ሲጎተት መጋረጃ ዘግተን እንቀመጥ ነበር። እናቴ አፌን በመዳፏ ትይዘኝ ነበር። ያን ቀን ዝም ያልኩት ከዚያ የተነሣ ነው ብል የሚያምነኝ አላጣም። ግን እንደዚያ አይደለም። ኢንግልዉድ ውስጥ አልፈራሁም። ሰውየው ወደ እኔ አላየም፤ የውጭው በር ክፍት ነው፤ ድንጋዩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ይህን ለፖሊስ አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ሲያርፍ አውሮፕላን ከላያችን ነበር። እጀታው ሲነሣ አየሁ፣ የታናሽየው ጭንቅላት ወደ ጎን ሲሄድ አየሁ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ነው ጩኸቱን የሰማሁት። ግራ ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ይሽከረከራል፤ በጣቶቹ መካከል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም።

"እኔ ጋ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነው የጮኽኩት። ቦርሳዬን ቀድጄ እስክከፍት ድረስ ታላቅየው ደረሰብኝ። አንገቴን አነቀኝ። ጀርባዬ በርሜሉ ላይ ተለጠፈ፣ እግሬ ከመሬት ለቀቀ፣ ሰማዩ ጠቆረብኝ። ድንጋዩ በቀኝ እጄ ነበር። ከጆሮው ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ አሳረፍኩበት።

እጁ ከአንገቴ ላላ። ዓይኑ ዞረ። አንድ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከዚያ ሌላኛው፤ እፊቴ ተንበረከከ። መተንፈስ ችያለሁ። በሩ አሁንም ክፍት ነው። እሱ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። ይህን ሁሉ አይቼ፣ አስቤ፣ ድንጋዩን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አንሥቼ ደገምኩት። ሲያርፍ እጄ ላይ የተሰማኝን ነገር አልረሳውም፤ ደስ ብሎኛል። የጎማ መፍቻ የያዘውን ሰውዬ፣ ለስላሳ የደፋችብኝን ሴትዮ፣ ሁሉንም የመታሁ መሰለኝ። ሦስተኛ ላነሣ ስል ጋሼ ከመሬት እንደወደቁ ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ።

"በቃ" አሉኝ። "በቃ ልጄ። በቃ።"

ድንጋዩን አየሁት። አልተሰበረም። አንዲት ስንጥቅ እንኳ የለውም።

ጎረቤት ደውሎ ፖሊስና አምቡላንስ አብረው መጡ። ሁለቱን ወንድማማቾች በየአልጋቸው ጭነው ወሰዷቸው። አንዱ ፖሊስ ድንጋዩን በጓንት አንሥቶ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተተ። አንገቴ ላይ የጣት ምልክት ስለነበረ ፎቶ አነሱኝ። ጋሼን ለብቻቸው ወስደው ሲጠይቁ እሰማ ነበር።

"ስንት ጊዜ መታችው?"

ጋሼ ያለ መነጽር ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። በሕይወታቸው አንድ ናሙና ላይ እንኳ የተሳሳተ ቁጥር ጽፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። "አንድ ጊዜ" አሉ።

መነጽር ስለሌላቸው የእሳቸውን መኪና እኔ ድራይቭ አደረግኩ። ላ ሲየኔጋ የሚባለውን መንገድ ይዘን ወጣን። መብራት ላይ ስንቆም እጄን መሪው ላይ አየሁት፤ ጥፍሮቼ ሥር ደም ደርቋል።

"ድንጋዩ ቦርሳሽ ውስጥ የገባው መቼ ነው?" አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"ሰውየው ጋዝ ሊሞላ ሄዶ ሳለ።"

"ሶ፣ ልጁ ሲመታ አንቺ ጋ ነበር።"

"አዎ።"

"ከመጀመሪያው?"

"ከመጀመሪያው፣ ጋሼ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ቤታቸው አደረስኳቸው። ሲወርዱ በሩን ሳይዘጉት ሄዱ፤ ሳያዩ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ታላቅየው የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ዳነ። የታናሽየው ግራ ዓይን አልተረፈም። በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቀው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በእንግሊዝኛ የምለውን በወረቀት ጽፌ ስለማመድ ነበር። አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዛሁ። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ግማሽ ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ከንፈሩ ገና አብጧል። ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ። ያ ፈገግታ ጽፌ ያጠናሁትን ሁሉ አጠፋብኝ።

"አንገትሽ ተሻለሽ?" አለኝ።

"ተሻለኝ።"

ብርቱካኑን አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። አንዱን አንሥቶ አገላብጦ አየው። ከዚያ "ያ ድንጋይ" አለኝ። "ጥሩ ነበር?"

"ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው።"

"መቼ ነው ያወቅሽው? ፖሊስ ከወሰደው በኋላ?"

ብዋሽ ያምነኝ ነበር። "አንተ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር" አልኩት። "ስንጥቅ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ወንድምህ ሲመታህም ልወጣ ነበር።"

የቀረችው ዓይኑ ቀላች። "እኔ ነጭ ነው የወሰደው አልኩት" አለ ቀስ ብሎ። "እንዳይነካሽ ብዬ።"

"አውቃለሁ።"

በእጁ የያዘውን ብርቱካን ወረወረብኝ። ከጆሮዬ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ፈረጠ። ሁለተኛውን ወረወረ፤ ከእግሬ ፊት ወደቀ። በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ገና አልለመደም። ሦስተኛው በሩን መታ። እያለቀሰ፣ በቋንቋው እየተራገመ አንድ በአንድ ወረወራቸው። አልሸሸሁም። አንዱ እንዲያገኘኝ ፈልጌ ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ቀረብኩለት፤ አንዱም አላገኘኝም። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ከረጢቱን ራሱን ጨማዶ ወረወረው፤ እሱም አየር ላይ ተዘርግቶ መሐል ላይ ወደቀ። ነርሷ ገብታ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ጫማዬ ሥር የብርቱካን ጭማቂ ይጣበቅ ነበር።

ታናሽየው በወንድሙ ላይ አልመሰክርም አለ፤ ክሱም ቀረ። እኔንም ራሷን ተከላክላለች ብለው ተዉኝ። ስለ ሁለተኛው ምት የጠየቀኝ ሰው የለም።

ጋሼ ለአንድ ወር አላናገሩኝም። ሺፍት ስንቀያየር ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ያልፋሉ። አንድ ረቡዕ ግን አላስቻለኝም፤ ከሥራ በኋላ ስቱዲዮአቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኩቼ ብገፋው ወለሉ ላይ እየሰገዱ ነው። ቀኝ ጉልበታቸው ከድሮም በደንብ አይታጠፍም፤ የአልጋውን እግር ጨብጠው ይወርዳሉ፣ እያቃሰቱ ይነሣሉ። በበርሜሉ ላይ የወደቁ ጊዜ የተጎዳው ጎናቸው ገና አልሻረም፤ በሚነሡ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ነው" አሉ ሳያቆሙ። "አንድ ጊዜ ብዬ ዋሽቻለሁ። ሁለት ጊዜ ነበር።"

"ለእኔ ብለው ነው እኮ የዋሹት። እኔ ልስገድልዎት።"

ያን ጊዜ ቆሙ። በአዲሱ መነጽራቸው ትክ ብለው አዩኝ። "የእኔን እኔ እጨርሳለሁ" አሉ። "የአንቺን አንቺ ስገጂ። ካርቶኖቹን ደግሞ ዛሬ አናወርድም።"

በሩ አጠገብ ተቀምጬ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ክንዴን ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው። ጎናቸውን በጨርቅ አሰርኩላቸው፤ በሚያማቸው ቦታ ላይ ስነካቸው እጄን በኃይል ጨብጠው ያዙት፤ ከዚያ ግን አልለቀቁትም። ካርቶኖቹን እንደገና ለማውረድ ብዙ እሑዶች አለፉ። ከዚያ በኋላም ድንጋይ አብረን አየን፤ ወደ ኢንግልዉድ ግን አልተመለስንም።

ክረምቱ ሲገባ ከፖሊስ ወረቀት መጣልኝ። በማስረጃነት የተያዘው ንብረት ስለማይፈለግ ባለቤቱ ሊወስደው ይችላል ይላል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። በሰልፍ ስቆም፣ ቡዝ ውስጥ ስቀመጥ፣ ያችን ጥፍር የምታህል መስኮት አስባለሁ። መጋዝ ውስጥ ሲገባ፣ ለሁለት ሲከፈት፣ ምን እንደሚታይ አስባለሁ። በመጨረሻ ቢሮው ሄጄ ድንጋዩ የእኔ አይደለም አልኩ። የማን ነው ሲሉኝ የታናሽየውን ስም አስጻፍኩ፤ በኢንግልዉዱ ዘመዳቸው አድራሻ በኩል እንዲነገረው ጠየቅኩ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ላየው እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልፈልግም አልኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት መዝገቡን ገልጣ ተወስዷል አለችኝ።

"ማን ነው የወሰደው? ስሙን ልትነግሪኝ ትችያለሽ?"

"የተጻፈው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው" አለች፤ እሱንም አነበበችልኝ። የቤተሰብ ስማቸው ደግሞ አንድ ነው፣ የታላቅየውም የታናሽየውም።

"ሰውየው አንድ ዓይን ነው ያለው ወይስ ሁለት?" አልኳት።

ሴትየዋ የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ይህን በመዝገብ አንጽፍም አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ሺፍቴ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ በጸጉሬ ሸፈንኩና ወጣሁ።